ክንፉ ራሱ ታንክ ሲሆን፦ ነዳጅ የምታፈስ ትንሽ አውሮፕላን እንዴት ትታሸጋለች?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአውሮፕላን ነዳጅ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ሰው «ሆዷ ውስጥ» ወይም «ከኋላ በኩል» ይላል፤ የመኪና ታንክ ከኋላ ስለሆነ ይመስለኛል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክንፏ ውስጥ ነው። በመስኮት በኩል ክንፍ እያያችሁ በርራችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ ቀጭን የሚመስለው ነገር ውስጡ ነዳጅ ነበር።

እሺ፣ ክንፉ ውስጥ ጀሪካን የመሰለ ዕቃ ተቀምጦ ነው? በአንዳንድ አውሮፕላኖች አዎ። በብዙዎቹ ግን ሌላ ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ከላይና ከታች የክንፉ ቆዳ አለ፤ ከፊትና ከኋላ ስፓር የሚባሉት ወፋፍራም ተሸካሚዎች አሉ፤ በጎንና በጎን ደግሞ የጎድን አጥንት የመሰሉ ግድግዳዎች አሉ። እነዚህ አንድ ላይ ሆነው ሳጥን ይሠራሉ። ነዳጁ በቀጥታ እዚያ ሳጥን ውስጥ ይገለበጣል። ቴክኒሻኖች «ዌት ዊንግ» ይሉታል፣ እርጥብ ክንፍ እንደ ማለት ነው።

ችግሩ ሳጥኑ አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸ አለመሆኑ ነው። የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች ተደራርበው በሪቬት ነው የተያያዙት። ሪቬት ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ የድስት እጀታ የተያዘበትን ክብ አናት ያለው ምስማር ተመልከቱ፣ እሱ ነው። በአንድ ክንፍ ላይ እንዲህ ዓይነቱ በሺዎች ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሪቬት የገባበት ቀዳዳ አለው፤ እያንዳንዱ የቆርቆሮ መጋጠሚያ ፀጉር የምታህል ክፍተት አላት። ቤንዚን ደግሞ ክፍተት መፈለግ ይችልበታል። ከውሃ ይልቅ ቀጭን ነው፤ የውሃ ጠብታን ሰብስቦ የሚይዘው የገጽታ ውጥረት በቤንዚን ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ውሃ ቆሞ በሚቀርበት ስንጥቅ ቤንዚን ሾልኮ ያልፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቀዳዳ ያለው ሳጥን እንዴት ነዳጅ ይይዛል? ማፍሰስ ሲጀምርስ ምን ይደረጋል?

በምሳሌ እንሂድ። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ከርቪል በምትባል ከተማ የተሠሩ ሙኒ ኤም20 የሚባሉ ባለ አንድ ሞተር ትናንሽ አውሮፕላኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲወጡ ክንፋቸው እንጨት ነበር፤ ከ1961 ጀምሮ ወደ ብረት ተቀየረ። በዓለም ላይ ከ10 ሺህ በላይ ተመርተዋል፣ ብዙዎቹ ዛሬም ይበርራሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣችው ኤም20ጄ በሁለቱ ክንፎቿ ወደ 240 ሊትር የሚጠጋ ለበረራ የሚውል ቤንዚን ትይዛለች። ክብደቱ ከ170 ኪሎ ይበልጣል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ክንፉ ውስጥ ተኝተው የሚጓዙ ያህል ነው። የሙኒ ባለቤቶች ሲገናኙ ከሚያወሯቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ «ያንተ ታንክ ያፈሳል ወይ?» የሚለው ነው።

ለምን ክንፍ ውስጥ? ቦታው ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እጆቻችሁን ወደ ጎን ዘርጉ። ሁለት ጓደኞቻችሁ ክንዳችሁን ከሥር ወደ ላይ ይግፉላችሁ። ጫናው ትከሻችሁ ላይ ይሰማችኋል አይደል? ክንፍም በበረራ ላይ እንደዚሁ ወደ ላይ ይገፋል፤ ጫናው የሚያርፈውም ከሰውነቷ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ ነው። አሁን በየክንዳችሁ ላይ ውሃ የያዘ ፌስታል ይንጠልጠል፣ ጓደኞቻችሁ ግን ግፊታቸውን አይጨምሩ። ትከሻችሁ ቀለል ይለዋል፤ የውሃው ክብደት ግፊቱን በከፊል ስላጣፋው። ነዳጅ ክንፍ ውስጥ ሲሆን ክንፉን ከመታጠፍ ያግዘዋል ማለት ነው። በተጨማሪ ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ የአውሮፕላኗ ሚዛን ብዙም አይዛባም፣ ምክንያቱም ክንፉ ያለው ሚዛኗ አካባቢ ነው።

ማጠቢያውን የደፈነው ሙጫ

ክፍተቶቹን የሚዘጋው ፖሊሰልፋይድ የሚባል ላስቲክ መሰል ማሸጊያ ነው። የተገኘው በስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆሴፍ ፓትሪክ እና ናታን ምኑኪን የሚባሉ ኬሚስቶች የመኪና ራዲያተር ውሃ እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርግ ርካሽ ፈሳሽ ለማግኘት ይሞክሩ ነበር። ድኝ ያለበት ሶዲየም ፖሊሰልፋይድ የተባለ ነገር ከሌላ ኬሚካል ጋር ቀላቀሉ። ፈሳሽ ጠብቀው ያገኙት ግን የሚገማ፣ የሚለጠጥ ማስቲካ የመሰለ ነገር ነው። ማጠቢያውን ደፈነው ይባላል፤ ሊያጸዱት ያመጡት ማሟሟያ ሁሉ አልነካውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ይጥለው ነበር። ፓትሪክ ግን «ምንም የማያሟሟው ነገር» ጥቅሙ ታየው። ስሙንም ታዮኮል አለው፣ ከግሪክ ቋንቋ ድኝ እና ሙጫ ከሚሉ ሁለት ቃላት። «ኮላ» የሚለውን የግሪክ ቃል ልብ በሉ፤ እኛም በጣሊያንኛ በኩል ደርሶን እስከ ዛሬ ወረቀት የምናጣብቅበትን ኮላ እንለዋለን።

ለምን ቤንዚን አያሟሟውም? ኬሚስትሪ ውስጥ «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚል ልማድ አለ። ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሁድ ነው። ተራ የዛፍ ጎማም እንዲሁ። ስለዚህ ቤንዚን ጎማው ውስጥ እንደ ዘመድ ቤት ገብቶ ያብጠዋል። ፖሊሰልፋይድ ግን ሰንሰለቱ በድኝ የተሞላ ስለሆነ ባዕድ ይሆንበታል። ይህንን በቤንዚን እንዳትሞክሩ፣ አደራ! ቤንዚን ቤት ውስጥ መጫወቻ አይደለም። የፊኛ ቁራጭ አንዱን ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን የምግብ ዘይት ውስጥ አስቀምጡና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አወዳድሩ። ዘይት ውስጥ ያለው አብጦ፣ ላልቶ፣ በቀላሉ የሚቀደድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የክንፉ መጋጠሚያ በተራ ጎማ ቢታሸግ የሚደርስበት ይኸው ነው።

በ1940ዎቹ ይህ ቁስ ፈሳሽ ሆኖ መሠራት ቻለ። አሁን በሁለት ዕቃ ነው የሚመጣው። በአንዱ ውስጥ እንደ ወፍራም ማር የሚጎተት ፈሳሽ አለ፤ የሞለኪውሎቹ ጫፍ ላይ አንድ ድኝና አንድ ሃይድሮጂን ተጣምረው ተንጠልጥለዋል። በሌላው ውስጥ ብዙ ጊዜ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ አለ። እሱን ታውቁታላችሁ፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሲፈርስ እጅ የሚያጠቁረው ዱቄት ውስጥ ያለው ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ማንጋኒዙ ሃይድሮጂኖቹን ይነጥቃል፣ ጥቂት ውሃ ይፈጠራል፤ እጃቸው ባዶ የቀረው ድኞች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሰንሰለት ከሰንሰለት ሲያያዝ ፈሳሹ ላስቲክ ይሆናል። የፀጉራችሁን ቅርጽ የሚጠብቀውም ይኸው የድኝ ለድኝ ትስስር ነው። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውም በውስጡ ድኝ ስላለ ነው።

(በነገራችን ላይ ይኸው ፈሳሽ የሮኬት ጠጣር ነዳጅ ማጣበቂያም ሆኖ አገልግሏል። በዚያ መንገድ ያደገው ኩባንያ በኋላ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮችን ሮኬቶች ሠራ። ጥር 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር ከሰባት ጠፈርተኞቿ ጋር የጠፋችው ከእነዚህ ሮኬቶች በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለ የላስቲክ ቀለበት በብርድ ደርቆ ማሸግ ስላቃተው ነው። ቀለበቱ የሌላ ዓይነት ላስቲክ ነበር። ማሸግ ቀላል ሥራ ለሚመስለው ሰው ግን ይህን እነግረዋለሁ።)

ታዲያ ለምን ያፈሳል?

ክንፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲበርር ይታጠፋል፣ ሲያርፍ ይመታል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይሰፋል። እስቲ እናስላ። አሉሚኒየም በየዲግሪው ከአንድ ሚሊዮን 23 እጅ ያህል ይረዝማል። ፀሐይ ያገኘው የላይኛው ቆዳ፣ ነዳጅ ካቀዘቀዘው ከታችኛው በ40 ዲግሪ ቢበልጥ፣ በሁለት ሜትር ርዝመት ላይ ልዩነቱ 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ቆርቆሮዎቹ እርስ በርስ የተመቱ ስለሆኑ እንደ ልባቸው መንሸራተት አይችሉም፤ ጫናው በመጋጠሚያዎቹና በማሸጊያው ላይ ይወድቃል። ይህ በየቀኑ፣ ለ30 እና ለ40 ዓመት! ማሸጊያው ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል።

ምልክቱ ሰማያዊ ነው። ለትናንሽ አውሮፕላኖች የሚሸጠው ቤንዚን፣ ሃንድረድ ሎው ሌድ የሚባለው፣ ከሌላ ነዳጅ ጋር እንዳይምታታ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። ቤንዚኑ ይተንናል፣ ቀለሙ ይቀራል። ከክንፉ ሥር ሰማያዊ እድፍ ካያችሁ አለቀ፣ ያፈሳል።

ምን ያህል አደገኛ ነው? ቴክኒሻኖች ቦታውን አድርቀው ጠርገው 30 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ከዚያ የረጠበውን ይለካሉ። ስፋቱ ከ19 ሚሊሜትር በታች ከሆነ «እድፍ» ነው፤ እስከ 38 ሚሊሜትር «ማዣት» ይባላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 10 ሴንቲሜትር ድረስ «ከባድ ማዣት»፤ ጠብ ጠብ ካለ የለየለት ፍሳሽ ነው። መጠኑ ብቻ ግን አይወስንም። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ያለች ትንሽ እድፍ እየተጠበቀች ሊበረርባት ይችላል። ያችው ጠብታ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ወይም ትነቷ ወደ ተሳፋሪዎች በሚገባበት ቦታ ከሆነች ግን መብረር የለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ውሃው የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ነው፣ ቀዳዳው ግን ከበሩ በላይ ሊሆን ይችላል። ቤንዚንም ከውስጥ በአንድ ቦታ ገብቶ፣ በተደራረበው ቆርቆሮ መሃል ተጉዞ፣ አንድ ሜትር ርቆ ይወጣል። ከውጭ እድፉ ላይ ማሸጊያ መለጠፍ ለዚህ ነው የማይረባው። ስለዚህ ታንኩን ያደርቁና በትንሹ አየር ይሞሉታል፤ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ይቀቡና አረፋ የሚያወጣውን ይፈልጋሉ። የተነፋ ከለር ጎማ ቀዳዳው እንደሚፈለግ ማለት ነው። «በትንሹ» ያልኩት በምክንያት ነው። 3.5 ኪሎፓስካል፣ ከመኪና ጎማ ግፊት አንድ ስልሳኛ እንኳ የማይሞላ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ቆዳ ላይ 3,500 ኒውተን ይሆናል። 350 ኪሎ ጭነት ማለት ነው! ጎማ የሚነፋበትን ማሽን በቀጥታ የሰካ ሰው ክንፉን እንደ ዳቦ ሊያሳብጠው ይችላል።

ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ያንኑ ቦታ ብቻ ፍቆ ማሸግ ይቻላል። የዕድሜ ጉዳይ ከሆነ ግን ዛሬ እዚህ ስትደፍኑ ነገ እዚያ ይጀምራል፤ አዲስ ማሸጊያ በደረቀ አሮጌ ላይ በደንብ አይዝም። በእኔ እምነት ለ40 ዓመት ታንክ የሚያዋጣው ሁሉንም አንሥቶ እንደገና መጀመር ነው፣ ምንም እንኳ ሳምንታት ቢወስድና ኪስ ቢያራቁትም። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ክንፉ ውስጥ የጎማ ከረጢት ማስገባት። ይህም ይሠራል፣ ግን ክብደት ይጨምራል፤ ከረጢቱ ከተጨማደደ ደግሞ በእጥፋቱ ውስጥ ውሃ ያቁራል። ውሃ ሞተር ጋ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁሉንም ማንሣት ሲባል እንዲህ ነው። ክንፉ ላይ እጅ የሚያስገቡ ክዳኖች ይከፈታሉ። የትልልቆቹን፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንጎች የመሰሉትን ታንክ የሚጠግን ቴክኒሻን በጠባብ ቀዳዳ ሰውነቱን አስገብቶ ነው የሚሠራው፤ አየሩ አስቀድሞ ይለካል፣ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ሰውም አለ። በትንሿ አውሮፕላን የሚገባው ክንድ ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ በመስታወት እያየ፣ አንዳንዴም ምንም ሳያይ በዳሰሳ ይፍቃል። መፋቂያው ብረት መሆን የለበትም፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በብረት የተጫረ አሉሚኒየም ከዝገት የሚከላከለው ሽፋኑ ይነሣል፣ ጭረቱም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። የተፋቀው ፍርፋሪ አንድ ሳይቀር መውጣት አለበት። የቀረች ቁራጭ በነዳጅ ተንሳፋ ማጣሪያውን ብትዘጋ ሞተሩ በሰማይ ላይ ነዳጅ ያጣል።

ቀጥሎ ማጽዳት። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። በአንድ እጅ በማሟሟያ የረጠበ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ ይያዛል። በእርጥቡ ጠርጎ፣ ሳይደርቅ ወዲያው በደረቁ ማንሣት። ለምን መሰላችሁ? ማሟሟያው ቅባቱን አሟሙቶ ይይዘዋል። በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ማሟሟያው ይተንናል፣ ቅባቱ ግን የትም አይሄድም፤ ተመልሶ እዚያው ይተኛል። ዓይን የማታየው የቅባት ስስ ሽፋን ማሸጊያውን ከብረቱ ይለየዋል።

ከዚያ ሁለቱ ዕቃዎች በሚዛን ተለክተው ይቀላቀላሉ። ማሸጊያው ላይ «ቢ-2» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ እንበል። ፊደሉ ውፍረቱን ይናገራል፤ «ኤ» በብሩሽ የሚቀባ ነው፣ «ቢ» እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣ። ቁጥሩ ደግሞ በ25 ዲግሪ ሙቀት ስንት ሰዓት ሊሠራበት እንደሚቻል ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሁለት ሰዓቱ ማሸጊያ በ35 ዲግሪ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል፣ በ15 ዲግሪ አራት ይሆናል። የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ቴክኒሻን አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ሰዓታቸው ይለያያል ማለት ነው።

ማሸጊያው በየመጋጠሚያው ጥግ ላይ ወፈር ብሎ ይቀመጣል። ቀጭን ቅብ ለምን አይበቃም? መጋጠሚያው በ0.2 ሚሊሜትር ተከፈተ እንበል። የማሸጊያው ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ከሆነ በእጥፍ መለጠጥ አለበት። 4 ሚሊሜትር ከሆነ ግን የሚለጠጠው 5 በመቶ ብቻ ነው። አየር እንዳይቀር በስፓቱላ ይጫናል፤ የሪቬቶቹ አናት አንድ በአንድ ይቀባል። ሲደርቅ ክዳኑ ይዘጋል፣ እንደገና በአየር ይፈተሻል። ከዚያ ነዳጅ ይሞላል፣ ይጠበቃል፣ ሥሩ ይታያል።

በዚህ ታሪክ ላይ አዲስ ነገር የጨመረው ነዳጁ ራሱ ነው። «ሎው ሌድ» ማለት «ትንሽ እርሳስ» ማለት ሲሆን፣ ትንሽ የተባለው በሊትር እስከ 0.56 ግራም የሚደርስ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምትጽፉበትን አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው፤ የማወራው የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳው መርዛማ ብረት ነው። እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን ዓለም በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰናብቶታል። ትናንሽ አውሮፕላኖች ግን ገና ናቸው። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ አውራጃ፣ በአንድ የትናንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ በጥናት ከተገኘ በኋላ፣ አውራጃው ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ይህ ነዳጅ በማረፊያዎቹ እንዳይሸጥ አደረገ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ጂ100ዩኤል ለሚባል እርሳስ አልባ ነዳጅ ፈቃድ ሰጠ። ነዳጁ በካሊፎርኒያ መሸጥ ሲጀምር ግን አንዳንድ ባለቤቶች፣ የሙኒ ባለቤቶችም ጭምር፣ ቀለማቸው እንደተላጠና ታንካቸው ማፍሰስ እንደጀመረ ተናገሩ። አምራቹ «ጥፋቱ የነዳጁ ሳይሆን ያረጀው ማሸጊያ ነው» ይላል። ክርክሩ ከኬሚስትሪ አንጻር ባዶ አይደለም። እርሳስ ሲወጣ የእሱን ሥራ እንዲሠሩ እንደ ዛይሊን ያሉ ውሁዶች በብዛት ይገባሉ፤ እነሱ ደግሞ ከተራው ቤንዚን ይልቅ ላስቲክና ቀለም ውስጥ ሰርጎ መግባት ይሆንላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ባለ እርሳሱን ነዳጅ እስከ 2030 መጨረሻ ለማስቀረት ታቅዷል። እስከዚያ ድረስ የ40 ዓመት ማሸጊያ ያለው እያንዳንዱ ክንፍ አዲሱን ነዳጅ ይቀበል እንደሆነ አንድ በአንድ መታየት ይኖርበታል፤ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ፣ ጠርጎ፣ 30 ደቂቃ ጠብቆ።